ሌሊት የሚከፈተው ፍሪጅ

የአክስቴ ልጅ ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ቡና ልትጠጣ ቤቴ መጥታ ነበር። በረካው ሲቀዳና ልጆቹ ወደ ግቢ ሲወጡ፣ ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ነው። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቷ በሰው እጅ ልካላት ነው።

«አንቺ በየወሩ ስለ ጤና ትጽፊ የለ? በይ ንገሪኝ፤ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?»

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያየሁት ወገቧን ነው። ሁለት ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ ሞላ ብላለች እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር አልታየኝም። «ለምንሽ ነው?» አልኳት። ያን ጊዜ ነው፣ አብረን ያደግን ሰዎች ሆነን አንድም ቀን ያልነገረችኝን የነገረችኝ።

ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ትነሳለች። የፍሪጁ መብራት ኮሪደሩ ላይ እንዳይታይ በጀርባዋ ትከልለዋለች። የተረፈ ፓስታ፣ ከትናንት የቀረ ወጥ በቀዝቃዛ እንጀራ፣ ለልጆቹ መክሰስ የተገዛ ብስኩት፣ የለውዝ ቅቤ በማንኪያ። አይርባትም። አይጣፍጣትምም። ሳታሞቅ፣ ቆማ፣ እየተቻኮለች ትበላለች፤ የምታቆመው ሆዷን ሲያማት ነው። ከዚያ ባዶውን ካርቶን በጋዜጣ ጠቅልላ ከቆሻሻው ሥር ትቀብረዋለች። ጠዋት ልጆቹ «ብስኩታችን የት ሄደ?» ሲሉ ባሏ ሠራተኛዋን ያያታል። እሷ ደግሞ አቀርቅራ ሻይዋን ታማስላለች።

«የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው» አለችኝ። «ልጅቷ በእኔ ምክንያት በሌብነት ተጠረጠረች።»

አንባቢዎቼ፣ የዚህ ወር ጽሑፌ የመጣው ከዚያ ቅዳሜ ነው። እሷም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን እስካልጠቀስኩ ድረስ።

ይህ ነገር ስም አለው። በእንግሊዝኛው «ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር» ይባላል፤ እኛ ራስን መግታት እያቃተ ከልክ በላይ መብላት ልንለው እንችላለን። አልበርት ስተንካርድ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 በታካሚዎቻቸው ላይ ያዩትን ጽፈውት ነበር። ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ የገባው ግን በ2013 ነው። ሃምሳ አራት ዓመት አልፎ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ይህ ችግር ያለበት ሰው በብዙዎች ዘንድ «ሆዳም» ነበር የሚባለው። የእኛ ሰፈር መዝገበ ቃላትማ ዛሬም አልተለወጠም።

መመሪያው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰውየው በአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሌላው ሰው በዚያ ጊዜ ከሚበላው በግልጽ የበዛ ይበላል፤ ሲበላም «ማቆም አልችልም» የሚል ስሜት አለው። ሳይርበው ይበላል፣ በጥድፊያ ይበላል፣ ሆዱ እስኪያመው ይበላል፣ አፍሮ ተደብቆ ይበላል፣ ሲጨርስ ራሱን ይጠላል። ከእነዚህ አምስቱ ቢያንስ ሦስቱ መኖር አለባቸው። ይህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ወር ከቀጠለ ነው። በልቶ ሆን ብሎ የሚያስመልስ ሰው ሕመሙ ሌላ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል።

ስለዚህ የፋሲካ ዕለት ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ ዶሮ ወጡንና ክትፎውን አከታትሎ «ሆዴ ሊፈነዳ ነው» ያለ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ያ በሰው መካከል፣ በሳቅና በጉርሻ የሚበላ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በሰው ፊት ያለ ልክ በልታ አታውቅም። ሠርግ ላይ እንዲያውም «ምነው አትበዪም?» እየተባለች የምትለመን እሷ ናት።

ደግሞ ውፍረት ብቻውን ምልክት አይደለም። ይህ ሕመም ያለባቸው ብዙዎቹ ወፍራም ቢሆኑም ቀጭንም አለ፤ ወፍራም ሆኖ ፈጽሞ የሌለበትም ሞልቷል። ወንዶችም ይያዛሉ። ከሌሎቹ የአመጋገብ ሕመሞች ይልቅ ወንዶች በብዛት የሚገኙት እዚህኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ መርፌው ልመለስ። መድኃኒቱ ሴማግሉታይድ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው «ኦዜምፒክ» በሚለው የንግድ ስሙ ነው። በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ለዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ነበር። በ2021 ያው መድኃኒት መጠኑ ከፍ ብሎ «ዌጎቪ» በሚል ስም ለውፍረት ተፈቀደ። አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ነው። ስንበላ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ለቆሽት «ኢንሱሊን ልቀቅ»፣ ለጨጓራ «ቀስ በል»፣ ለአንጎል ደግሞ «በቃን» ይላል። ችግሩ ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ መጥፋቱ ነው። መድኃኒቱ ግን እሱን አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ሰውነት ውስጥ ብዙ ቀን ስለሚቆይ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። (የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ የበኩር ልጅ የተገኘው ከምን መሰላችሁ? በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ ከሚኖር መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ። ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ መርፌውን ከእጇ አስቀመጠች።)

ብዙ ተጠቃሚዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ከረሃቡ ይልቅ የቀነሰው ንዝንዙ ነው። ቀኑን ሙሉ «ፍሪጅ ውስጥ ያ ኬክ አለ፣ ያ ኬክ አለ» የሚለው ድምፅ ጸጥ ይላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ጥጋብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ብቻ ሳይሆን ከደስታና ከጉጉት ጋር በተያያዙት ክፍሎችም ላይ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች «እንግዲያው ራስን መግታት እያቃተ የሚበላንስ ይረዳ ይሆን?» ብለው መጠየቃቸው አይገርምም። የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ሰዎች የተሳተፉባቸው ትንንሽ ናቸው። ውጤታቸው ተስፋ ይሰጣል፤ የሚበሉባቸው ቀናት የቀነሱላቸው አሉ። ነገር ግን ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት የለም። ለውፍረት የሚሠራ ሁሉ ለዚህም ይሠራል ብሎ መደምደም ደግሞ ጉንፋን ያዳነው ሻይ ጥርስ ያድናል እንደማለት ነው።

ለዚህ ሕመም በስሙ የተፈቀደው አንድ መድኃኒት ነው፤ ሊስዴክስአምፌታሚን ይባላል። በአሜሪካ በ2015 ለአዋቂዎች ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ትኩረት ማጣት ላለባቸው ሰዎች በመታዘዝ ነው። የሚበላባቸውን ቀናት በእርግጥ ይቀንሳል። ግን ከአምፌታሚን ወገን ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያስመታል፣ ሱስም ሊሆን ስለሚችል ቁጥጥር ይደረግበታል። ለመቅጠኛ እንዳይሰጥም በግልጽ ተጽፎበታል። ጫት የሚቅም ሰው ምግብ እንደሚዘጋው የማያውቅ አበሻ የለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው፤ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

የምግብ ፍላጎትን የሚዘጉ ክኒኖች ታሪክ ሲታይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ፌን-ፌን» የሚባል ቅልቅል እንደ ከረሜላ ይታዘዝ ነበር። በ1997 የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ሲታወቅ ፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጣ። ሪሞናባንት በ2006 አውሮፓ ገባ፤ ሰዎችን ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት ስለዳረገ በ2008 ተመለሰ። ሲቡትራሚን በ2010 ተከተለ። አዲሶቹ መርፌዎች ከእነዚህ በብዙ ይሻላሉ፤ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተጠንተዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 የስኳር ሕመም ከውፍረትና ከልብ ወይም ከኩላሊት ችግር ጋር ላለባቸው ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ቢሆንም ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት የተለመዱ ናቸው። የሐሞት ጠጠር ያስከትላሉ፤ አልፎ አልፎም ቆሽትን ያስቆጣሉ። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አይወስዳቸውም። ማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት።

ሲቆምስ? በ1,961 ሰዎች ላይ በተካሄደው ዋናው የውፍረት ጥናት፣ ሴማግሉታይድ የወሰዱት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀንሰዋል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለአንድ ዓመት የተከታተሏቸው ግን ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰውታል። አሜሪካ ውስጥ ዌጎቪ ገበያ ላይ ሲወጣ የወር ዋጋው 1,349 ዶላር ገደማ ነበር። እህቷ ሜሪላንድ ሆና ስንት ወር ልትልክላት እንደምትችል የአክስቴ ልጅ አልጠየቀቻትም። እኔም ያን ቀን ላሳፍራት አልፈለግሁም፤ በኋላ ግን ጠየቅኋት።

ሌላም ነገር ነበር። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ይሄኛው በሻንጣ አገር አቋርጦ፣ ሰው ቤት ሦስት ቀን ሰንብቶ፣ ከዚያም በሳምንት ሁለቴ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ነው እኔ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው። እዚህ በቴሌግራም «ኦሪጅናል ነው» እየተባለ የሚሸጠውማ ይባስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በኦስትሪያ በ2023 እንዲህ ዓይነቱን የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ የነበረው ኢንሱሊን ሳይሆን እንዳልቀረ ነው የተጠረጠረው።

ለዚህ ሕመም ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያዙት መርፌም ክኒንም አይደለም። ንግግር ነው። አስተሳሰብንና ልማድን እያዩ የሚሠሩበት የሥነ ልቦና ሕክምና ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። የአክስቴን ልጅ ያስገረማት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነበር፦ ብዪ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሐል መክሰስ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድሽን አትዋዪ። የበላሽውን፣ የት እንደበላሽው፣ ያኔ ምን እንደተሰማሽ ጻፊ። ለካ ሌሊት የምትበላው ቀን ስለማትበላ ኖሯል። ጠዋት «ትናንት ስላጠፋሁ» ብላ ቁርስ ትዘላለች፣ ምሳ ሰላጣ ትነካካለች፣ ማታ ሁለት ጉርሻ፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሰውነቷ ዕዳውን ይጠይቃል። አንዳንዴም «ጾም ነኝ» ትል እንደነበር ነገረችኝ፤ ጾም ባልሆነበት ቀን ጭምር። ጾሙ እምነቷ ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። መደበቂያ የሆነበትን ቀን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

በዚህ ላይ እኛም አለን። ሴት ልጅ ወፈር ስትል «ተመችቶሻል!» እንላለን፣ ከሳ ስትል «ምን ነካሽ? አሞሽ ነበር?» እንላለን። ከበላች በኋላ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ብለን እናጎርሳለን፤ ስትነሳ ደግሞ ዳሌዋን አይተን እንሳሳቃለን። እኔ ራሴ ባለፈው ጥምቀት እሷን እንዲሁ አድርጌያታለሁ። ማስታወሻዋ ላይ ያ ቀን ቢኖር ምን ተጽፎ እንደሚገኝ መገመት አያቅተኝም።

አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ትሄዳለች። የደም ምርመራም አድርጋ ስኳሯ ከፍ ማለት መጀመሩ ስለታየ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይከታተላታል። መርፌውን አንድ ቀን ልትጀምር ትችላለች፤ ያን ጊዜ ግን ለስኳሯና ለክብደቷ ተብሎ፣ በማዘዣ፣ ከፋርማሲ ተገዝቶ ነው። ያ ከሜሪላንድ የመጣው ተጥሏል። እህቷ ስትሰማ ለሁለት ሳምንት አኮረፈቻት።

ሌሊት መነሳቱ ፈጽሞ አልቀረም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ተነስታለች፤ በፊት በሳምንት አራት ነበር።

ከሁሉም የከበዳት ለሠራተኛዋ መንገር ነበር። ባሏን ቀድማ ነግራዋለች፤ እሱ ብዙ አልተናገረም፣ ፍሪጁን ግን ለብዙ ቀን ዓይኑን ሳያነሳ ነው የከፈተው። ልጅቷን ወጥ ቤት ጠርታ «ብስኩቱን ስበላ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት።

ልጅቷ ሳህን ማጠቧን ሳታቆም፣ «አውቃለሁ እኮ» አለች። «ቆሻሻውን የማወጣው እኔ ነኝ።»