መቶ ዶላር ለማትረፍ ግሪን ካርድ ማስያዝ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አባወራ ይታሰብ። ሌሊት ኡበር ይነዳል። ባለቤቱ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካሸር ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ግሪን ካርድ ከያዙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ወር የባለቤቱ የሥራ ባልደረባ ሽጉጥ ተደግኖበት ካዝናውን አስረክቧል። በዚያው ሰሞን የዕቁቡ ዕጣ ለአባወራው ወጣ። ስልኩን ከፍቶ ሲያይ አንድ ቪዲዮ «የመጀመሪያ ጠብመንጃዎን በርካሽ ራስዎ ይገጣጥሙ» ይለዋል። ዋጋውን ደመረና ደስ አለው።

ይህ ሰው ሞኝ አይደለም። ቤተሰቡን የመጠበቅ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጠብመንጃ መያዝም ነውር አይደለም፤ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2008 ውሳኔ፣ ያውም ከዚያው ከዋሽንግተን ዲሲ በተነሣ ክርክር፣ መብቱ የግለሰብ መብት መሆኑን አጽንቷል። ጥያቄው መብት አለው ወይ አይደለም። ጥያቄው የመጀመሪያ ጠብመንጃውን በቁርጥራጭ ገዝቶ መገጣጠሙ ያዋጣዋል ወይ የሚል ነው። መልሱ አያዋጣውም ነው፤ በገንዘብም፣ በሕግም፣ በቤት ውስጥ ሰላምም።

▪️ ነገሩ ከየት መጣ?

ስሙ በሁሉም አፍ ያለው ኤአር-15 ነው። ብዙ ሰው «ኤአር» ሲባል አጥቂ መሣሪያ ማለት ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «የአርማላይት ጠብመንጃ» ነው። ዩጂን ስቶነር የተባለው መሐንዲስ በ1950ዎቹ ማብቂያ አርማላይት በተባለው ኩባንያ ሠራው። ኮልት በ1959 መብቱን ገዛ፤ በ1964 ለሲቪል ገበያ አቀረበው። የወታደሩ ወንድሙ ኤም-16 ቃታው ተይዞ ሲቆይ ያርከፈክፋል። የሲቪሉ ከፊል አውቶማቲክ ነው፦ አንድ ጊዜ ሲስቡት አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል።

የኮልት የፈጠራ መብት በ1977 ሲያበቃ ማንም አምራች ሊሠራው ቻለ። ክፍሎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ልክ ስላላቸው የአንዱ ፋብሪካ አፈሙዝ ከሌላው ሰደፍ ጋር ይገጥማል። ርካሽነቱም ተወዳጅነቱም ከዚህ ይመነጫል።

የፌዴራል ሕግ «መሣሪያ» ብሎ የሚቆጥረው ሎወር ሪሲቨር የሚባለውን ቃታው የሚቀመጥበትን የታችኛውን አካል ነው። መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይቀረጻል። እሱን ለመግዛት ፈቃድ ያለው ሻጭ ጋ መሄድ፣ ቅጽ መሙላትና የኋላ ታሪክ ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል። አፈሙዙን፣ ሰደፉንና የቀረውን ግን ፖስተኛው በር ላይ ያስቀምጠዋል። ለራሱ መጠቀሚያ የሚሠራ ሰው በፌዴራል ደረጃ የአምራችነት ፈቃድ አይጠየቅም። ቪዲዮው የሚናገረው እስከዚህ ድረስ ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

▪️ ሒሳቡ ይሠራ

ዛሬ በአሜሪካ ገበያ ተገጣጥሞ፣ ተፈትሾ፣ የፋብሪካ ዋስትና ያለው ሙሉ ኤአር-15 በ500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በቁርጥራጭ የሚገዛ ሰው ከየሱቁ ርካሽ ርካሹን ቢለቅም ምናልባት መቶ ዶላር ያተርፍ ይሆናል። ከዚያ ላይ የየዕቃው የመላኪያ ዋጋ ይቀነሳል። ሎወሩን የሚያስረክበው ሻጭ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላል። ሞርሳ ያስፈልጋል፣ ልኩን ጠብቆ የሚያጠብቅ ቁልፍ ያስፈልጋል። ጥይቱ በሚቀመጥበትና በሚዘጋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ልኩን መጠበቁ መረጋገጥ አለበት፤ ያ ልክ ካልሆነ መሣሪያው በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል መቶ ዶላሯ የት ገባች?

መገጣጠም የሚያስደስታቸው ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ አምስተኛ ስድስተኛ መሣሪያቸውን የሚሠሩ፣ መሣሪያው ሲታመም የሚያውቁ ናቸው። የመጀመሪያውን የሚገጣጥም ሰው ግን ጠብመንጃው አልተኩስ ሲል ጥፋቱ የጥይቱ ይሁን፣ የክፍሉ ይሁን፣ የእጁ ይሁን የሚለይበት ልምድ የለውም። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ደግሞም ጠብመንጃው የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አንዱ ጥይት ግማሽ ዶላር ገደማ ነው። መሣሪያውን በቅጡ ለመልመድ አምስት መቶ ጥይት ቢተኩስ 250 ዶላር ወጣ። ሥልጠናው አለ፣ የተኩስ ሜዳው ክፍያ አለ፣ የሚቆለፍ የብረት ቁምሳጥን አለ። በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው በመጨረሻ የሚተዋቸው እነዚህን ነው። መተው የሌለባቸውም እነዚሁ ናቸው።

▪️ ወንዙን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል

የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ሕይወቱ በሦስት ሕጎች መካከል ነው። ቤቱ ቨርጂኒያ፣ ሥራው ዲሲ፣ ክርስትናውና ለቅሶው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፖቶማክን ሲሻገር መንጃ ፈቃዱ አብሮት ይሻገራል፤ የጠብመንጃ ሕጉ ግን አብሮት አይሻገርም።

ቨርጂኒያ ለረጅም ዓመታት ከጎረቤቶቿ ላላ ያለ ሕግ ይዛ ቆይታለች። ሜሪላንድ ግን ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በርካታ ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃዎችን ከልክላለች፤ ኤአር-15ም በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ከክልከላው የተረፈው ወፍራም አፈሙዝ ያለው ዓይነት ነው። ማለትም በርካሽ የተለቀመው ቀጭን አፈሙዝ ብቻውን አንድን ሰው ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላል። ክልከላው መሸጥና መያዝን ብቻ ሳይሆን ወደ ግዛቲቱ ይዞ መግባትንም ይጨምራል፤ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። የይግባኝ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2024 ሕጉን አጽንቶታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 ጉዳዩን አላይም ብሏል። ሜሪላንድ መለያ ቁጥር የሌለውን በቤት የተሠራ መሣሪያ መያዝንም ከመጋቢት 2023 ወዲህ ከልክላለች። ዲሲ ደግሞ ማንኛውም መሣሪያ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች፤ ኤአር-15ን ከሚመዘገቡት ውስጥ አላስገባችውም።

እንግዲህ አባወራው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ቢቀይር፣ ዕቃ ከሚያጓጉዙ ጓደኞቹ ጋር ጠብመንጃውን መኪናው ላይ ቢጭን ምን ይሆናል? ክፉ አላሰበም፣ ማንንም አልነካም። ሕጉ ግን ሐሳቡን አይጠይቀውም።

የፌዴራሉም ወጥመድ ቀላል አይደለም። የጠብመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች ካጠረ ያልተመዘገበ አጭር ጠብመንጃ መያዝ እስከ አሥር ዓመት ያሳስራል። ግማሽ የተሠራ ሎወር ገዝቶ ቀሪውን ቤት የመጨረስ ዘዴም እንደ ድሮው አይደለም። መንግሥት በ2022 ያወጣውን ደንብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2025 በ7 ለ2 ድምፅ አጽንቶታል፤ በቀላሉ ወደ መሣሪያ የሚለወጡ ጥቅሎች እንደ መሣሪያ ሊቆጠሩ ይችላሉ።

▪️ ለስደተኛ ዋጋው ሌላ ነው

አሜሪካ የተወለደ ጎረቤቱ ይህን ስሕተት ቢሠራ ጠበቃ ይይዛል፣ ይቀጣል፣ ይወጣል። ግሪን ካርድ የያዘው ሰው ግን ሁለተኛ ፍርድ ይጠብቀዋል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በመሸከም ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል ይላል። ሰው መግደል አይጠበቅበትም፣ መተኮስም አይጠበቅበትም። «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርምና በገደብ ውጣ» የሚል የወንጀል ጠበቃ ምክር ለዜጋ መልካም ምክር ሊሆን ይችላል፤ ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን የቦሌ ትኬት ሊሆን ይችላል።

በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ጥይት እንኳ መያዝ አይፈቀድለትም። እዚህ ላይ የሐበሻ ደግነት ራሱ አደጋ ነው። «አንተ ዜጋ ነህ፣ በስምህ ግዛልኝ» የሚል የአክስት ልጅ አይጠፋም። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት ከ2022 ወዲህ በተጠናከረው ሕግ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሳስራል። «ለኔ የሠራሁት ጥሩ ወጥቷል፣ ለአንተም ልሥራልህ» ማለትም እንደዚሁ ነው፦ ለመሸጥ እየሠሩ መነገድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቨርጂኒያም ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭ የኋላ ታሪክ ምርመራ ግዴታ አድርጋለች።

ከውጭ ሲታይ ጠብመንጃውን ወይም መነጽሩን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አገር ቤት ላለ ወንድም መውሰድ የሚያስብም ይኖራል። ከአሜሪካ ያለ ፈቃድ ማውጣት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩ ሳይቀር ቁጥጥር ይደረግበታል። በኢትዮጵያም በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቀዋል። በሁለት አገር መከሰስ ይሏል ይህ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

▪️ ከቁምሳጥኑ እስከ ግድግዳው

ለጠብመንጃው የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ሊሸፈን አይገባም። በአሜሪካ በጠብመንጃ የሚፈጸመው ግድያ በሽጉጥ ከሚፈጸመው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በ1992 የሎስ አንጀለስ ሁከት ጊዜ ፖሊስ ሳይደርስላቸው ሱቃቸውን በመሣሪያ የጠበቁትን የኮሪያ ተወላጆችም ያነሣሉ። የታወቀ ታሪክ ነው።

ነገር ግን የቤት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በሩን ሰብሮ የገባውን ሌባ አይደለም። በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች ከ27 ሺህ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው፣ በሁለት ቋንቋ መካከል የሚንገላታ፣ ወላጆቹ በፈረቃ ሥራ የማያገኙት ልጅ ያለበት ቤት ይህን ቁጥር ችላ ማለት አይችልም። የኤአር-15 ጥይት የአፓርታማን ስስ ግድግዳ አልፎ እንደሚሄድም መታወቅ አለበት፤ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ልጅ ተኝቷል።

«አያቶቻችንም ምንሽር አልጋቸው ራስጌ ሰቅለው ነው ያሳደጉን» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ሰፈር የማን ጠብመንጃ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ሰውዬው ሲቆጣ ሽማግሌ ይይዘዋል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ይገባል፤ ልጁን የሚጠብቅ ዘመድ ከቤት አይጠፋም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚመጣው ፖሊስ ነው። የጥበቃ ትእዛዝ የተጻፈበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024 በ8 ለ1 አጽንቶታል። ጠብመንጃው ተሻግሯል፤ ጠብመንጃውን የሚይዙት ሽማግሌዎች ግን አልተሻገሩም።

▪️ ምን ይደረግ?

መያዝ የወሰነ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው። የመጀመሪያው ወጪ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃን ለአንድ ሰዓት ማማከር ይሁን። ሁለተኛው ሥልጠና፣ ሦስተኛው የሚቆለፍ ቁምሳጥን ይሁን። ከዚያ ገንዘብ ከተረፈ በሚኖርበት ግዛት የተፈቀደ፣ ተገጣጥሞ የተፈተሸ፣ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ያለው ሙሉ መሣሪያ ፈቃድ ካለው ሻጭ ይግዛ። መገጣጠም የሚወድ ከሆነ ዜግነቱን ይዞ፣ ልምዱን አካብቶ፣ ከዓመታት በኋላ ይድረስበት። ሦስቱን ለመክፈል አቅሙ ካልፈቀደ ደግሞ አራተኛውን ለመግዛት አቅሙ አልደረሰም ማለት ነው። ጠንካራ የበር ቁልፍ፣ ካሜራና ከጎረቤት ጋር መተዋወቅ ዛሬም ርካሽ ናቸው።

ጉዳዩ የግለሰቡ ብቻም አይደለም። የማኅበረሰቡ ማኅበራት ስለ ግብር፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ዜግነት ፈተና ስብሰባ ይጠራሉ። ስለ መሣሪያ ሕግ የሚጠሩት ስንት ናቸው? ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ፣ የአማርኛ ሬዲዮው አንድ ጠበቃና አንድ አሠልጣኝ ጋብዞ በአማርኛ ሁለት ሰዓት ቢያወያይ ወጪው የአንድ ቡና ጠጡ ነው። ዝምታው ግን ቦታውን ለቪዲዮው ለቆለታል፤ ቪዲዮው ደግሞ ተመልካቹ ግሪን ካርድ ይያዝ ዜጋ ይሁን አያውቅም።

አባወራው የፈለገው ቤተሰቡን መጠበቅ ነው። ያንን ቤተሰብ እዚያች አገር ያቆመው ወረቀት፣ የሎተሪው ዕድልና የዓመታት የሌሊት ሥራ ናቸው። መቶ ዶላር ለማትረፍ ያንን ወረቀት ማስያዝ ጥበቃ ሊባል አይችልም።