«ነዳጅ ስጪ!» ብቻ አያስነዳም

ወልቂጤ ላይ ሞተር ሳይክል ልንለምድ የወጣን ዕለት የተማርነው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ነዳጅ ስጪ!» ሰጠን። ሞተሯ እኛን መሬት ላይ ትታ ሄደች። ሜዳው ዳር የቆሙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ አለማማጃችንም «ፍርሃት ነው፣ ይለቅሻል» አለ። የለም፣ ፍሪሲዮን ነበር! እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚለቀቅ ማንም አልነገረንም። (በነገራችን ላይ «እኛ» የምንለው እንደ ንጉሥ ሳይሆን ሁለት ሴቶች ስለነበርን ነው።)

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሞተር የማይገባበት ሰፈር የለም። ሕመምተኛ ያደርሳል፣ ቆጮ ያደርሳል፣ ለበዓል የመጣውን እንግዳ ከነሻንጣው ያደርሳል። ሴትም በሞተር ላይ ሞልታለች፤ ከኋላ! ከፊት ተቀምጣ መሪ የያዘች ዕለት ግን መንገደኛው ሁሉ መካሪ ይሆናል። በቃቄ ወርድወት አገር ይሄ ትንሽ ያስተዛዝባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የጆካን ሸንጎ የሞገተችውን ሴት ቴአትር ሲሠራላት እናጨበጭባለን፤ የልጅ ልጇ ሞተር ላይ ስትወጣ ደግሞ «ኧረ ውረጂ!» እንላለን።

ወንዶቹስ ማን አስተማራቸው? እነሱም «ነዳጅ ስጥ» ተብለው ነው የወጡት። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን ከወንጀል ጋር አያይዛ ገደብ ጣለችበት። እኛ ዘንድ ደግሞ እንዲሁ ተለቀቀ። ከልካዩም ለቃቂውም ስለ ማስተማር ሲያስቡ አላየንም።

እኛን ያስተማሩን በኋላ ያገኘናቸው አንድ የሰፈር ጋሼ ናቸው፤ በግብርና ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገጠር ለገጠር በሞተር የዞሩ። መጀመሪያ ያሉን «መሄድማ ሞተሩም ይችላል፣ እናንተ መቆም ልመዱ» ነበር። ሦስት ቀን ስንቆም ዋልን። የማቆም ጉልበት ያለው በአብዛኛው የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ኮረት ላይ ግን እሱን በድንገት የጨበጠ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱንም፣ በስሱ። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ሳይደርስ እንጂ ከገቡበት በኋላ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ራሱን መያዣ ማድረግ ነው። ዓይን ደግሞ ከጉድጓዱ ላይ ይነሳ፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። (እኛ ጉድጓዱን እያየን ስንት ጊዜ ገብተንበታል!)

ከዚያ ከወልቂጤ ጉብርዬ፣ ከጉብርዬ ወልቂጤ። ያው መንገድ፣ እስኪሰለቸን ድረስ። ሲሰለቸን «አሁን ደርሳችኋል» አሉን።

የመጀመሪያ ጉዟችንን ያደረግነው ከቡታጅራ ነው፣ የአንዳችን ቤተሰብ እዚያ ስለሆነ። ሐሳባችን እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች አይቶ መመለስ ነበር። ጋሼ ከፊት አልመሩንም፤ ከኋላ ሆኑ። ከፊት ቢሆኑ የእሳቸውን ፍጥነት ስናሳድድ እንደምንውል ያውቃሉ። መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ ታክኮን ሲያልፍ ንፋሱ ወደ ዳር ገፋን። አልወደቅንም፤ ጉልበታችን ግን ከዳን። ዳር ይዘን ቆምን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተያየን… ወደ ቡታጅራም ተመለስን። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጢያ የደረስነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ግን እውነቱን ንገሩን ካላችሁ፣ እኛ በራሳችን መተማመን የጀመርነው ድንጋዮቹ ሥር ቆመን ፎቶ ስንነሳ ሳይሆን መመለስ እንደምንችል ያወቅን ዕለት ነው።

መስቀል ሲደርስ የጅማውም የሆሳዕናውም መንገድ ወደ አገሩ በሚገባ ሰው ይጨናነቃል፤ ለአረፋም እንዲሁ ነው። በዚያ ሰሞን አዲስ ለማጅ ረጅም መንገድ ባይጀምር ይሻለዋል። ነባር ሞተረኞች ወንድሞቻችን ሆይ፣ በምትኩ በአዘቦት ቀን አንዲት ለማጅ እህት ይዛችሁ ውጡ፤ ከኋላዋ ሁኑ፣ አትጩኹባት። ሄልሜትም ሁለት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከኋላ የተፈናጠጠችውም እኮ ራስ አላት!

ያቺ ሜዳ ላይ ትታን የሄደችው ሞተር የቀኝ መስታወቷ እስከ ዛሬ አልተተካም። ባለቤቷ ባየን ቁጥር ያነሳብናል።