ከደላንታ ገደል የሚወጣው ኦፓል፤ በግራም ሲመዘን የሚጠፋው መረጃ

በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ከተገኘ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በከበሩ ድንጋዮች ገበያ ከአውስትራሊያ ጎን መጠራት ጀምሯል። ስለ ኦፓሉ የሚነገረው ግን ከዋጋውና ከኮንትሮባንዱ እምብዛም አያልፍም። ድንጋዩ ከገደሉ ሲነቀል አብሮት ስለሚጠፋው መረጃ የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ኦፓሉ የሚገኝበት ንብርብር ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በታች ሲሆን፣ ከላይም ከታችም ወፍራም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይዞታል። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የወረደው አመድ ወደ አፈርነት ሲለወጥ፣ በውሃ የሟሟው ሲሊካ በስንጥቆችና በባዶ ቦታዎች ተጠራቅሞ ኦፓል ሆነ። የእንጨት ቅርጽ እንደያዘ የተገኘም አለ። እንዲህ ያለው ናሙና ከእናት ድንጋዩ ሳይለይ ሲታይ የዚያን ዘመን አፈርና ዕፀዋት የሚያስረዳ ሰነድ ነው። ተፈልፍሎ ለቀለበት ሲወለወል ጌጥነቱ ብቻ ይቀራል።

ለዚህ ጥፋት ቆፋሪውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። በእጅ መሣሪያ ገደሉን እየፈለፈለ ዋሻ ውስጥ የሚገባው ወጣት ሕይወቱን አስይዞ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ወረዳ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸው ተገልጾ ነበር። በክብደት ለሚገዛ ነጋዴ እናት ድንጋዩ ትርፍ ሸክም ነው፤ ስለዚህ ገና በአፋፉ ላይ በመዶሻ ይወገዳል። መንግሥት ለዓመታት ሲወተውት የኖረው «እሴት መጨመር» የሚለው መርሕም በተግባር መቁረጥና ማለስለስ ሆኖ ተተርጉሟል። ለአብዛኛው ኦፓል ይህ ትክክል ነው። ላልተለመደው ናሙና ግን መቁረጡ ራሱ ዋጋ ያሳጣል፤ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች የሚሹት ተፈጥሯዊ መልኩን እንደያዘ፣ የተገኘበት ቦታም በትክክል ተጽፎ ነውና።

የናሚቢያው ጹመብ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1996 የተዘጋው ይህ የመዳብ፣ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫ ከ200 በላይ የማዕድን ዓይነቶች የተመዘገቡበት ነው። ዛሬ የጹመብ ክሪስታሎች በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ፤ የሚከበሩትም በውበታቸው ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ ወጡ ስለሚታወቅ ጭምር ነው። ኦፓል በሳይንሱ ቋንቋ ክሪስታል ባይሆንም የናሙና ሕግ አንድ ነው።

ለወገል ጤና ኦፓል የትውልድ ቦታ ማስረጃ ሌላም ጥቅም አለው። ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል፣ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይኸው ጠባዩ ቀለም ለመንከርና በጭስ ለማጥቆር አመቺ ስላደረገው፣ ገዢው ያልተነካካውን ከተነካካው ለመለየት ይቸገራል። ጥርጣሬው የሚያወርደው ዋጋ መጨረሻ የሚያርፈው በቆፋሪው ላይ ነው።

ጉዳዩ የደላንታ ብቻ አይደለም። ከቡሬ እስከ ሽንዲ ያለው ጥቁር ድንጋይም የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ባዶ ቦታዎች ውስጥ ኳርትዝና ዚዮላይት ሊበቅሉ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ለመንገድና ለግንባታ ድንጋይ ሲፈለጥ ያልተለመደ ነገር ቢወጣ የሚመዘገብበት መንገድ ሊኖር ይገባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት በአንድ መዝገብ ላይ ቀበሌውን፣ ንብርብሩን፣ የወጣበትን ቀንና አንድ ፎቶግራፍ ቢያኖር ወጪው ኢምንት ነው። ከባዱ ጥያቄ ያልተሰበረውን ናሙና ከተሰበረው አስበልጦ የሚገዛው ማን ነው የሚለው ነው፤ ያ ገዢ የክልሉ ሙዚየም ወይም ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ የውጭ ሰብሳቢ መሆኑ አይቀርም።