ስለ ተኪላ ጥፍጥና

ተኪላን የሚያጣጥም ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ የሚሰማውን ልስላሴና ጥፍጥና የመጠጡ የክብር ምስክር አድርጎ መቀበሉ የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ ይህን የችኮላ ፍርድ እለዋለሁ፤ የተኪላ ጥፍጥና ጨርሰው ከማይመሳሰሉ ምንጮች ስለሚመነጭ፣ ምንጩን ሳይመረምሩ ማመስገን ፍትሐዊ አይደለምና።

ቀዳሚው ምንጭ ተክሉ ነው። በሜክሲኮ፣ ይልቁንም በሐሊስኮ ግዛት የሚለማው ሰማያዊ አጋቬ፣ እኛ ቃጫ የምንፍቅበት ተክል ዘመድ ሲሆን፣ ስድስት ሰባት ዓመት ያህል ከጎለመሰ በኋላ ሂማዶር የሚባለው ቆራጭ ኮዋ በተባለ ስለታም መሣሪያ ቅጠሉን ገፍፎ ልቡን ያስቀራል። ይህ ልብ ጥሬውን ሳለ ኢኑሊን የተባለውን ንጥረ ነገር የተሸከመ ሲሆን፣ በጡብ ምድጃ ቀናት ወስዶ በእርጋታ ሲበስል ነው ወደ ስኳርነት የሚለወጠው። ያም ስኳር ቢሆን በእርሾ ተበልቶ ያልቃል፤ የተረፈ ቢኖርም፣ አረቄ አውጪዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ከእንፋሎቱ ጋር አይወጣምና፣ ሁለት ጊዜ ተነጥሮ በሚወርደው ተኪላ ውስጥ ስኳር አይገኝም። የሚጣፍጠን እንግዲህ የበሰለው አጋቬ መዓዛ ነው፤ አፍንጫ ያበሠረውን ምላስ አምኖ ይቀበላል።

ሁለተኛው ምንጭ የባሉጥ በርሜል ነው። ሬፖሳዶ የሚባለው ተኪላ ቢያንስ ሁለት ወር፣ አኜሆ የሚባለው ቢያንስ አንድ ዓመት በእንጨት ውስጥ አርፎ የቫኒላና የቀረፋ ጠረን ይለብሳል፤ ይህም የተከበረ ጥፍጥና ነው፤ ነገር ግን የእንጨቱ እንጂ የተክሉ አይደለም።

ልቤን የሚያሳዝነው ሦስተኛው ነው። የአገሩ ደንብ እስከ 1 በመቶ ክብደት ድረስ የስኳር ሽሮፕ፣ ግሊሰሪን፣ የባሉጥ ጭማቂና የካራሜል ቀለም እንዲጨመር ሲፈቅድ፣ ይህ መጠን ካልታለፈ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ አያስገድድም፤ «100% አጋቬ» የሚለው ጽሑፍም ስኳሩ ሁሉ ከአጋቬ እንደ መጣ እንጂ ኋላ ምንም እንዳልተጨመረ አይመሰክርም።

ስለዚህ ፈታሹ ከነጩ፣ ከብላንኮው ይጀምር። በመጀመሪያ በእርጋታ ያሽት፤ ቀጥሎ ጥቂት ተጐንጭቶ በምላሱ ላይ ያንሸራሽር፤ ከዋጠም በኋላ ይቆይ። እውነተኛው ጥፍጥና ብቻውን አይመጣም፤ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ማቃጠል፣ የቅጠል ጠረንና ጥቂት ምሬት አስከትሎ እየተለዋወጠ ይሄዳል፤ የተጨመረው ግን ከንፈር ላይ ተለጥፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። በአራንዳስ ዙሪያ ካለው የሎስ አልቶስ ቀይ ደጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አበባና ፍሬ ፍሬ ይላል፤ በተኪላ ከተማ ዙሪያ ካለው ሸለቆ የሚመጣው ደግሞ አፈርና ቅጠል ቅጠል ይላል። እኔ ለሸለቆው አደላለሁ፤ ጥፍጥናው በብርቱ ጠረን ተሸፍኖ ስለሚገኝ ፈልጎ ማግኘቱ ያስደስተኛል።

በ1974 እ.ኤ.አ. የተኪላን ስም በሕግ የጠበቀች አገር፣ በውስጡ የሚጨመረውም ሁሉ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ብታዝዝ፣ ለአጋቬ ገበሬውም ለጠጪውም ፍትሕ ይሆን ነበር። እስከዚያው ድረስ፣ የአንድን ቤት ነጩን ሳልቀምስ ስለ አኜሆው ጥፍጥና ቃል አልሰጥም።