ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት

ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «መኪናዬ ዘይት ያንጠባጥባል» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ከመደርደሪያው አንዲት ጠርሙስ ትወርድለታለች። «ከዘይቱ ጋር ጨምረህ ንዳው፣ ይቆማል» ይባላል። ያው ሰው ጋራዥ ቢሄድ ደግሞ «ሞተሩ ይውረድ» ይሉታል። ሁለቱም መልስ የሚሰጠው ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ከመኪናው ሥር ማንም ሳይተኛ ነው። ሆኖም ጠርሙሷን በደፈናው ማጭበርበሪያ ናት ከሚሉት መካኒኮች ጋር አልስማማም። አንድ በደንብ የምትሠራው ሥራ አላት፤ ያ ሥራ ደግሞ ጋራዦች ብዙ ብር የሚጠይቁበት መሆኑ አያስገርምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይት ከሞተር እንዳይወጣ የሚይዙት በሁለት ይከፈላሉ። በሁለት ብረቶች መካከል ተጣብቆ የሚቀመጠው ጓርኒሲዮን አንዱ ነው። ሌላው የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተር በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል የምንለው ነው። ጎማ ሃያና ሠላሳ ዓመት በጋለ ዘይት ሲቀቀል ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ዘንጉን ማቀፍ ያቅተዋል። በጠርሙሷ ውስጥ ያለው ኬሚካል ወደ ጎማው ገብቶ ያለሰልሰዋል፣ በመጠኑም ያሳብጠዋል። ያበጠው ጎማ ዘንጉን መልሶ ይይዛል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሞቆ መሄድ አለበት።

ስለዚህ ጎማ ላልሆነ ነገር መድኃኒቱ ምንም አይረዳም። ድንጋይ መትቶት የተሰነጠቀ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ)፣ የላላ ብሎን፣ የተቀደደ ወረቀት ወይም ቡሽ ጓርኒሲዮን፣ ሲሉ እያፋተገ ቦይ ያወጣበት ዘንግ፣ እነዚህ ሁሉ ከሱቅ በተገዛ ጠርሙስ አይድኑም። አንዳንዱ ምርት ደግሞ ጎማውን ሳይነካ ዘይቱን ብቻ ያወፍራል። ያን ጊዜ የምናየው መሻሻል ፍሰቱ ቀስ ማለቱ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ወፍራም ዘይት ወደ ሞተሩ ራስ ለመድረስ ይዘገያል፤ የሰቀላን ብርድ የሚያውቅ ሾፌር ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ጠርሙሷ የምትሠራው ሥራ የኋለኛው ኦይል ሲል ላይ ነው። ሲሉ ራሱ ርካሽ ነው፤ የሚገኘው ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ነው። እሱን ለመቀየር ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይፈታል፣ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከጢሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ሽቅብ ሲነዳ በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኋላ ያደላል፤ ሜዳ ላይ ደረቅ የነበረ ሲል አቀበት ላይ ሲያለቅስ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሲሉ ገና ማላብ ከጀመረና ፍሪሲዮኑ ካልተነካ፣ አንዲት ጠርሙስ ሞክሮ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ብልህነት ነው እላለሁ። ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ደርሶ አቀበት ላይ መንሸራተት ካመጣ ግን ጊዜው አልፏል።

ከሁለቱም፣ ከሻጩም ከመካኒኩም፣ ብዙ ጊዜ የማልሰማው ስለ ሞተሩ መተንፈሻ ነው። ሞተር ሲሠራ የተወሰነ ጋዝ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ጋዝ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቤንዚን ሞተር ላይ አንዲት ቫልቭም ትኖራለች። ቱቦው በጭቃ ዘይትና በአቧራ ሲደፈን ጋዙ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በሲሎቹና በጓርኒሲዮኑ በኩል ዘይቱን እየገፋ ነው። ባለቤቱ ሲል ያስቀይራል፣ በወሩ ያው ይፈሳል፣ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ቱቦውን ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ታጥቦም ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ «ሞተሩ ይውረድ» ያለው መካኒክ እውነቱን ነው።

ቡሬ ላይ ያየሁት አንድ ወጣት መካኒክ አሠራሩ ደስ ይለኛል። አንድ ሽማግሌ ዲኤክስ ኮሮላቸውን ይዘው መጥተው ስለ ጠርሙሷ ሲጠይቁት «አባባ፣ መጀመሪያ ትታጠብ፤ ዛሬ እዚህ ትደር» አላቸው። የሞተሩን ሆድ በናፍጣ አጠበ፣ አደረቀ፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት፣ አስነስቶ ትንሽ አቆየና አጠፋው። ከሥሩ የተዘረጋ ካርቶን አነጠፈ። ጠዋት ነጩ ፓውደር ላይ ጥቁሩ መስመር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደወረደ በግልጽ ይታይ ነበር፦ ከላይ፣ ከቴስታው ክዳን ጠርዝ። ዘይቱ ወደ ኋላ ስለሚወርድ ካርቶኑን ብቻ ያየ ሰው የኋለኛው ሲል ነው ብሎ ይፈርድ ነበር። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ አለቀ። ካርቶኑ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ቀይ ነጠብጣብ ከመሪ ወይም ከአውቶማቲክ ካምቢዮ፣ አረንጓዴ ደግሞ ከራዲያተር ሊሆን ይችላል። የራዲያተርን ፍሳሽ ማቆሚያ ሞተር ዘይት ውስጥ የጨመሩም አሉ፤ ፍሳሽ ለማቆም እንቁላል በራዲያተር ከሚሰብሩት ይብሳሉ።

ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ሞተሩን አሳጥቦ የሚሄደውን ሰው ግን አልወቅሰውም ማለት አልችልም። ታጥቦ ያለፈው መኪና ከሳምንት በኋላ ያው ነው። በየሴኮንዱ አንዴ የምትወድቅ ጠብታ በሰዓት ወደ 180 ሚሊ ሊትር ትሆናለች። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስምንት ሰዓት ቢፈጅ ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ዘይት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ትንሽ ሞተር የሚይዘው ሦስትና አራት ሊትር ነው። ያ ጉድለት የሚገለጠው ደግሞ የዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ሲወጣ ነው። ከፊት ያለው ሲል ከፈሰሰ ደግሞ ዘይቱ የታይሚንግ ቺንጋውን ያበሰብሰዋል፤ ቺንጋው ሲበጠስ የሚመጣውን ወጪ መካኒክ ይጠየቅ።

አሮጌ መኪና ይዞ መኖር ዘንድሮ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በመንደራችን ያለችው ዲኤክስ ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች፤ ሲሎቿም ከእሷ ጋር ያረጃሉ። በግሽ ዓባይ ጠበል ዳር የሚቆሙት ሚኒባሶች ከሥራቸው የሚተዉት ጥቁር ክብ እየበዛ የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ የጠበሉ ውሃ የት እንደሚሄድ ለጎጃም ሰው አይነገርም።

ለሱቆቹ አንድ ሐሳብ አለኝ። ጠርሙሷን ለመግዛት የመጣውን ሰው «ከየት ነው የሚፈሰው?» ብለው ይጠይቁት። «አላውቅም» ካለ ጠርሙሶቹ የመጡበትን ባዶ ካርቶን ይስጡት፤ ገንዘብ አያስከፍሉት። ነገ ተመልሶ «የኋለኛው ሲል ነው» ካለ ይሽጡለት፤ አንድ ብቻ። ዘይት እስኪቀይር ድረስ ለውጥ ካላየ ሁለተኛ ጠርሙስ አይጨምሩለት፤ ከልክ በላይ ያበጠ ጎማ ራሱ ይበሰብሳልና።