ለጠላቂ ትከሻ መጀመሪያ ልክ፣ ከዚያ ስፖንጅ
በግብፅ ሲና በምትገኘው ዳሃብ ብዙ ጠላቂዎች ወደ ቀይ ባሕር የሚገቡት ከዳርቻው በእግራቸው እየተራመዱ ነው። የተለመደው 11 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየር ሲሞላ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲሊንደሩ የሚታዘልበት ማንገቻ ትከሻን የሚሸረክተውም በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙን ውኃው ይረከበዋል። ታዲያ ለጥቂት ደቂቃ ሕመም ውድ ባለስፖንጅ ማንገቻ መግዛት ለምን ያስፈልጋል? በፍሎሪዳው የዋሻ ጠላቂ በዊሊያም ሆጋርት ሜይን ስም የሚጠራው የሆጋርቲያን ማንገቻ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ወጥ የናይሎን ጥብጣብ ነው፤ ስፖንጅ የሚባል ነገር የለበትም፣ ልኩ ሲስተካከል ግን ይመቻል። አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ከልክ በላይ ከማጥበቅ ነው። ጠላቂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲሞክረው መዳፉ በማንገቻውና በደረቱ መካከል ያለ ትግል መግባት አለበት፤ እጁንም ያለ ረዳት ማውጣት መቻል አለበት። አዲስ ጥብጣብ ደረቅ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ደጋግሞ ማሸት ያለሰልሰዋል። ይህም ሆኖ አንገት ሥር የሚፈገፍግ ከሆነ፣ ካረጀ የመጥለቂያ ልብስ እግር ላይ ቁራጭ ኒዮፕሪን ቆርጦ እንደ እጅጌ መስፋትና ጥብጣቡን በውስጡ ማሳለፍ ነው፤ ወጪው የክር ዋጋ ብቻ ነው። መርፌው ግን ናይሎኑን ፈጽሞ አይንካ፤ የተበሳ ጥብጣብ ይዳከማል። እጅጌውም አጭር ይሁን፤ ኒዮፕሪን ስለሚንሳፈፍ ሲበዛ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደት ያስፈልጋል፤ የማንገቻውን ቀለበቶችና የወገቡን ዘለበትም መሸፈን የለበትም። ገንዘብ ማውጣት ተገቢ የሚሆነው ጠርዙ የተተለተለ ጥብጣብ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ገዝቶ፣ በልክ ቆርጦ፣ ጫፉን በላይተር አቅልጦ ማተም ይገባል።