ሼዱ ይቀራል፤ ሙያውስ?
የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን ግንባር ቀደሙ ተከራይ፣ የአሜሪካው ፒቪኤች፣ በጦርነቱ ሳቢያ ፋብሪካውን ዘጋ፤ በቀጣዩ ወር ከቀረጥ ነፃ የነበረው የአጎዋ ገበያም ተቋረጠ። ለከተማዋ ምን ሙያ ቀረላት?

የማሌዥያዋ ፔናንግም እ.ኤ.አ. በ1972 ነፃ የንግድ ቀጣና ከፍታ እንደ ኢንቴል ያሉትን ኩባንያዎች የሳበችው በርካሽ ጉልበትና በግብር እፎይታ ነበር። በ1989 ግን የአካባቢው መንግሥትና ኩባንያዎቹ ተባብረው የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋሙ፤ የከተማው ወርክሾፖችም ለፋብሪካዎቹ መሣሪያና መለዋወጫ እየሠሩ አደጉ።

ስለዚህ በሐዋሳ ገንዘቡን ሊያውል ያሰበ ባለሀብት የሼድ ኪራይ ከመጠየቁ በፊት ክር፣ የልብስ ቁልፍ፣ ካርቶንና መለዋወጫ በከተማው ማን እንደሚያመርት ይጠይቅ፤ ከሌለም እሱ ይጀምር። ኩባንያ እንግዳ ነው፤ ሙያ ግን የቤት ልጅ።